መምሬ ፈንታ ያላስረከቡት ስም

መምሬ ፈንታ ማረፋቸውን የሰማሁት በስልክ ነው። የደወለልኝ እሳቸው የሚያገለግሉበት የደቡብ ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ነበር፤ አማርኛውን ቀስ ብሎ፣ ተጠንቅቆ ነው የሚናገረው። «አባታችን ማክሰኞ ዕለት አረፉ። እዚሁ ቀበርናቸው፤ ሕዝቡ አላስወስድም ብሎ ነው» አለኝ። አልቅሼ ሲወጣልኝ የመጣብኝ ሐሳብ ግን የሚያሳፍር ነው። እኚህ ሰው በዕድሜያቸው ሙሉ አንድ ቀጠሮ አክብረው አያውቁም፤ ታዲያ የሞትን ቀጠሮ እንዴት በሰዓቱ ደረሱበት? ቢሰሙኝ ከእኔ በላይ ይስቁ ነበር።

እኔ ከላሊበላ ወጣ ብላ፣ በአሸተን ማርያም ተራራ ግርጌ ባለች አጥቢያ የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ነኝ። ዝናሽ እባላለሁ። የክርስትና ካርድ እሞላለሁ፣ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ፣ ማኅተም እመታለሁ። ሰው ስለ እኔ ሲናገር «እጇ ፈጣን፣ ምላሷ ስለታም» ይላል፤ ሁለቱንም አልክድም። መምሬ ፈንታ ደግሞ የአጥቢያችን ካህን፣ ለስልሳ ያህል ሰው የንስሐ አባት ነበሩ። እኔን ያጠመቁኝ፣ እናቴንም ስትሞት የፈቷት እሳቸው ናቸው።

አጭር፣ ፈጣን፣ ሲሄዱ ልብሳቸው ከኋላ የሚከተላቸው የሚመስሉ ሰው ነበሩ። ጥምጣማቸው ሁልጊዜ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ በጥምጣሙ እጥፋት ውስጥ ደግሞ አንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ ተሰክቶ ይኖራል። ላያቸው ሰው ቀኑን ሙሉ ሲጽፉ የሚውሉ ነው የሚመስሉት። በልጅነታቸው ከአንድ ብራና ጸሐፊ ዘንድ ቁም ጽሕፈት ስለ ተማሩ ፊደላቸው ያስቀናል፤ ጽሕፈት ቤታችን ባለው አሮጌ መዝገብ ላይ የእሳቸውን ገጽ የምለየው ከሩቅ ነው። ይሁን እንጂ እስክሪብቶው ከጥምጣሙ ሲወርድ ያየ ሰው ጥቂት ነው። ጻፉ የተባሉትን ነገር ሁሉ «አብሽሪ ልጄ፣ ይጻፋል» ብለው ያሳልፉታል። አብሽሪን የለመዷት በወጣትነታቸው ቆላ ወርደው ከሙስሊም ነጋዴዎች ጋር እህል ሲገበያዩ ነው፤ «አይዞሽ ከማለት ታጥራለች፣ ትንፋሽ ትቆጥባለች» ይላሉ።

ስልሳ አምስት ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው «ደቡብ እሄዳለሁ» ያሉት። እዚያ ብዙ ሰው ተጠምቆ፣ ቤተ ክርስቲያንም ሠርቶ፣ የሚቀድስለት አጥቶ ነበር። ለሦስት ዓመት የሚቀመጡ ካህናት ሲፈለጉ ወጣቶቹ አንገታቸውን ደፉ፤ እሳቸው እጃቸውን አወጡ። «በዚህ ዕድሜዎ?» ስላቸው፣ «ላስታ ላይ ጠጠር ብትወረውሪ የሚያርፈው ካህን ላይ ነው። እዚያ ግን ሰው ሲሞት የሚፈታው እያጣ ነው። ለመሄድ ጉልበት አለኝ፤ ለመመለስ ባይኖረኝ ምን ቸገረኝ?» አሉኝ።

በአጥቢያችን አንድ ሥርዓት አለ። ካህን ለረጅም ጊዜ ሲርቅ የንስሐ ልጆቹን በጽሑፍ ነው የሚያስረክበው፤ የሰው ስም፣ የክርስትና ስም፣ ከአጠገቡ የተረካቢው ካህን ስም። ይህ የመጣው በችግር ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ካህን ሳያስረክቡ ሄደው፣ አንዲት ሴት ሞተች። «ንስሐ አባቷ ማን ነው? ማን ይፍታት?» በሚል ክርክር አስከሬኗ ደጅ ላይ ቆሞ ፀሐይ አዘቀዘቀች። ከዚያ ወዲህ ማንም ካህን ያለ ወረቀት ንቅንቅ አይልም። የመምሬ ፈንታን ሰዎች በሙሉ እንዲረከቡ ሰበካ ጉባኤው የወሰነው መምሬ ብርሃኑን ነበር። መምሬ ብርሃኑ ከቆሎ ትምህርት ቤት ተመልሰው የቀሰሱ፣ ገና ወጣት ካህን፣ የእኛም ጎረቤት ናቸው፤ የእኛ እርሻና የእነሱ እርሻ ድንበር ይጋራል።

እንግዲህ የቀረው ሁለት ገጽ የማትሞላ ዝርዝር መጻፍ ነው። ጉዞው የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ስለ ነበር፣ እኔ ገና ዐቢይ ጾም ሲገባ መጠየቅ ጀመርሁ።

በዐሥራ ሁለት ስጠይቃቸው «ዛሬማ ሚካኤል ነው» አሉኝ። በዐሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት ሆነች። በዐሥራ ዘጠኝ ገብርኤል፣ በሃያ አንድ ማርያም። በሃያ ሦስት «ፈረሰኛውን አስቀይሜ ነው መንገድ የምወጣ?» አሉኝ። ወር ሠላሳ ቀን አለው፤ በመምሬ ፈንታ ወር ውስጥ ግን የሥራ ቀን አልተገኘም። በዓል ባልሆነ ቀን ሳገኛቸው ደግሞ ተረት አያጡም።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ልጄ።»

«የእርስዎ እንቁላል መሽተት ጀምሯል፣ አባቴ።»

«አብሽሪ፣ ይጻፋል» ብለው እየሳቁ ሄዱ።

የሚያበግነኝ ደግሞ ለሌላው ነገር ጊዜ ማግኘታቸው ነበር። ቤት ለቤት ሲዞሩ አያቸዋለሁ። ከእያንዳንዱ ቤት ገብተው «ለመምሬ ብርሃኑ ልስጥህ፣ ትስማማለህ?» ብለው ይጠይቃሉ። እኔንም ጠይቀውኝ፣ «ለፈለጉት ይስጡኝ፣ ብቻ ይጻፉት» ብያቸዋለሁ። ሁሉም እሺ ብሎ ሲያበቃ ወረቀቱ አሁንም ባዶ ነው። በዚያ ላይ እኛ ቤት እየተመላለሱ ከአባቴ ጋር ካቡ ላይ ቁጭ ይላሉ። ሁለቱም ወደ ገብሱ ማሳ እያዩ፣ ሳይነጋገሩ፣ ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ይቆዩና ይሄዳሉ። እኔ የሽማግሌዎች ስንብት መሰለኝ።

አባቴ ሲሳይ ዝምተኛ ሰው ነው። ቅዳሴ አያስታጉልም፤ ግን ያኔ ሁልጊዜ ከቅጥሩ ውጭ ከጽዱ ዛፍ ሥር ቆሞ ነበር የሚያስቀድሰው። እናቴ አብረን እንቁረብ እያለች ስትለምነው ኖራ ሞተች። እሱ እግሬ አያስቆመኝም ይላል፤ ከዚያው ጽድ ሥር ግን ሦስት ሰዓት ይቆማል። መምሬ ፈንታ ጠበል ሊረጩ በመጡ ቁጥር ከሁሉ በፊት የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር። «ገብሱ እንዴት ነው፣ ሲሳይ?» አባቴ «ደኅና ነው አባቴ» ይልና መሬት መሬት ያያል። ይህን ስሰማ ነው ያደግሁት። ስለ ገብስ የሚጨነቅ ቄስ ማየት ያስቀኝ ነበር፤ ምናልባት ጠላ ይወዱ ይሆናል እል ነበር።

የኒቆዲሞስ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሰበካ ጉባኤው ስብሰባ ተደረገ። ምእመናንም ተቀምጠዋል፤ አባቴም ከኋላ አለ። የቀረን አንድ ሳምንት ነበር። ከሆሣዕና በኋላ ሕማማት ነው፤ በሕማማት ማሰርም መፍታትም የለም፣ ከዚያ ትንሣኤ፣ ከዚያ ጉዞ። ገበዙ «የመምሬ ፈንታ ርክክብ የት ደረሰ?» ብለው ሲጠይቁ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ጥፋቱ የእኔ ሊመስል ነው። ያን ጊዜ ምላሴ ቀደመኝ።

«መምሬ ፈንታ የማያውቁትን ሕዝብ ሊያስተምሩ አገር አቋርጠው ይሄዳሉ» አልሁ ብድግ ብዬ። «የሚያውቁትን ስልሳ ሰው ስም መጻፍ ግን አቅቷቸዋል። ለእኛ የሰነፉ፣ ለእነዚያ በምን ይተጋሉ?»

በላስታ ለካህን እንዲህ ተብሎ አይነገርም፤ ያውም በሴት፣ ያውም ባጠመቁት ልጅ። ሰው የሚሉትን ለመስማት አንገቱን አሰገገ። መምሬ ፈንታ ግን ተነሥተው በትሕትና እጅ ነሱኝ።

«እውነቷን ነው። ስንፍና ነው። ልጄ፣ ከፊቴ ነገርሽኝ እንጂ ከኋላዬ አላማሽኝም፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሉና ቁጭ አሉ።

ማሸነፌ ነበር። ደስ እያለኝ ቃለ ጉባኤውን ጻፍሁ፤ «መምሬ ፈንታ ስንፍናቸውን አምነዋል» የምትል ዐረፍተ ነገር እንኳ ልጨምር ከጅሎኝ ነበር።

አባቴ ቤት ሲገባ ምሳ አልበላም። ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ሲያየኝ ቆየና፣ «ያን ወረቀት ለምን ያዘገዩት ይመስልሻል?» አለኝ።

«ስንፍና ነዋ፣ ራሳቸው አመኑ።»

«ስንፍና አይደለም» አለ።

ሰኞ ጧት ወደ ሥራ ልወጣ ስል አባቴን ከማሳው ዳር አየሁት። ዲጂኖ ይዞ ከእኛና ከመምሬ ብርሃኑ እርሻ መካከል ያለውን የድንበር ድንጋይ ይነቅላል። ስደርስ ድንጋዩ ወጥቷል፤ አባቴ ተንበርክኮ ማጅራቱ ላይ ሊጭነው ይታገላል።

«አባዬ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«ድንጋዩን አታንሽልኝ፤ አትንኪኝም። ሩጪና መምሬ ፈንታን ጥሪልኝ።»

በእኛ አገር ሰው ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ሲሄድ ምን ማለት እንደ ሆነ ልጅ እንኳ አይጠይቅም። በድያለሁ፣ ይቅር በሉኝ ማለት ነው። እኔ ግን አባቴ ማንን እንደ በደለ አላውቅም ነበር። እየሮጥሁ ሄጄ መምሬ ፈንታን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አገኘኋቸው። «አባዬ ድንጋይ ተሸክሟል» አልኋቸው። የቆሙበት ቦታ ላይ ቁጭ ብለው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ሲያለቅሱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ብድግ ብለው ሮጡ፤ ጥምጣማቸው ወድቆ እኔ ነኝ አንሥቼ የተከተልኋቸው።

አባቴ ከመምሬ ብርሃኑ ደጅ ቆሟል፤ አንገቱ ጎብጦ ደረቱን ነክቷል። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቷል። መምሬ ብርሃኑ ዳዊታቸውን እንደ ያዙ ከበራቸው ላይ ደርቀው ቀርተዋል።

«መምሬ፣ ይኸ ድንጋይ የአባትዎ ድንበር ነው» አለ አባቴ መሬት መሬቱን እያየ። «መሬት ሊለካ ነው ሲባል፣ አባትዎ አልጋ ላይ ሳሉ፣ አራት ትልም ወደ እናንተ ገፍቼ ተከልሁት። ለኪዎቹ ሲመጡም ወሰኑ ይኸ ነው ብዬ ማልሁ። ሃያ ዓመት በልቼዋለሁ።»

መምሬ ብርሃኑ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አባቴ ያውቁ ነበር፣ አያ ሲሳይ?»

«ያውቁ ነበር። አልጋቸው በበሩ ትይዩ ነበር፤ ድንጋዩን ስተክል ዓይን ለዓይን ተያይተናል። መነሣት አልቻሉም እንጂ አይተውኛል።»

መምሬ ብርሃኑ ይህን ሲሰሙ ዞረው ቤታቸው ገቡና በሩን መለሱት። አባቴ እንደ ቆመ ቀረ። ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። ድንጋዩን ላወርድለት ስንቀሳቀስ መምሬ ፈንታ ክንዴን ያዙ። «ተይው። ያን ሸክም የሚያወርደው የተበደለው ነው» አሉኝ። አባቴ እዚያው ወድቆ የሚሞት መሰለኝ።

በሩ ተከፈተ። መምሬ ብርሃኑ ዓይናቸው ቀልቷል። ቀጥ ብለው መጥተው ድንጋዩን በሁለት እጃቸው ከአባቴ ማጅራት አነሡት።

«እኔ ይቅር ብያለሁ፣ እግዚአብሔር ይፍታዎ» አሉ። «ስለ አባቴ ግን እኔ አልመልስም። አብረን መቃብራቸው ድረስ ሄደን ራስዎ ይጠይቋቸዋል።»

ድንጋዩን ሁለቱ ተጋግዘው ወደ ማሳው መለሱት፤ የጥንቱን ቦታ ያሳየው አባቴ ነው። አራት ትልም የበልግ ገብስ፣ እሸት ሊሆን የተቃረበ፣ ወደ መምሬ ብርሃኑ ዞረ።

እኔ ከዳር ቆሜ ሁሉ ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። አባቴ በደሉን የነገረው ለመምሬ ፈንታ ብቻ ነው። እሳቸውም መሬቱን ሳትመልስ አትቆርብም ብለው ለዓመታት ጠብቀውታል። አሁን ሊሄዱ ሲሉ ደግሞ አባቴ ‹የዘረፍሁትን ሰው ልጅ ንስሐ አባቴ አልልም፣ እርስዎ ከሄዱ ንስሐ አባትም ይቅርብኝ› ብሎ እንቢ አላቸው። ሰው በግድ የንስሐ ልጅ አይሆንም፤ ስለዚህ ስሙን መጻፍ አይችሉም። ስሙን ትተው የሌላውን ቢጽፉ ደግሞ ዝርዝሩን የምገለብጠው እኔ ልጁ ነኝ፤ «የአባቴ ስም የት ሄደ?» ብዬ አገር አነሣ ነበር። አንድ ሰው እንዳይጋለጥ ብለው የስልሳውን ሁሉ ወረቀት አስቀሩት። ሰነፍ መባሉን እሳቸው ተሸከሙት፤ እኔም በአደባባይ ጨመርሁላቸው፣ አባቴ እየሰማ።

«ወረቀት አለሽ?» አሉኝ መምሬ ፈንታ።

ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ጥምጣማቸውን ከእጄ ተቀብለው እስክሪብቶውን መዘዙና ካቡ ላይ ተቀመጡ። አንድም ሰው ሳይጠይቁ፣ የባልና የሚስቱን፣ ከተማ የገባውን፣ አልጋ የያዘችውን፣ የሁሉንም ስም ከነክርስትና ስሙ በዚያ ውብ ፊደላቸው አወረዱት። የመጨረሻው ሲሳይ፣ ወልደ ሚካኤል ነበር። ከአጠገቡ «ለቀሲስ ብርሃኑ፣ በፈቃዱ» ብለው ጻፉ። በፈቃዱ የሚለው ቃል ከአባቴ ስም ሌላ የትም የለም።

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። «ይፍቱኝ አባቴ፤ ለምን አልነገሩኝም?»

«ምኑን ልጄ?»

«ይኸን ጉዳይ፣ የድንበሩን።»

«የምን ድንበር? እኔ ዛሬ ከእናንተ ጋር ነው የሰማሁት» አሉ ፈገግ እንኳ ሳይሉ። አገር ሁሉ በጠራራ ፀሐይ ከሰማው በኋላም አላወቁም። እስኪሞቱ ድረስ አላወቁም። ከደቡብ ሲደውሉ አንድ ሁለት ጊዜ ላወጣጣቸው ሞክሬ፣ «መስመሩ ይቆራረጣል» ብለው ዘጉብኝ።

አባቴ ቀኖናውን በሕማማት ስግደት ፈጸመ። የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት፣ ስልሳ ስምንት ዓመት ሞልቶት፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቅጥሩን አልፎ ውስጥ ገባ። የቱ ጋ እንደሚቆም ስለ ጠፋበት መምሬ ብርሃኑ እጁን ይዘው አቆሙት። የቀደሱት መምሬ ፈንታ ናቸው፤ ሥጋ ወደሙን ያቀበሉትም እሳቸው።

ከቅዳሴ በኋላ ሚኒባሱ ከደጅ ቆሞ ይጠብቃል፤ አብረዋቸው ደቡብ የሚሄዱት፣ ከፍላቂት የመጡ ሁለት ካህናት ጋሸና ላይ ቆመው መደወል ጀምረዋል። ሰው ሁሉ መስቀል ለመሳለም ተጋፋ። አባቴም በነጠላው አፉን ሸፍኖ መጣ። ሌላው ቆራቢ የቅዳሴ ጠበል ከጠጣ በኋላ ቀስ ብሎ ያወራል፤ አባቴ ግን አዲስ ነውና ቤቱ እስኪገባ ቃል የሚያወጣ አይደለም። መምሬ ፈንታ ፊት ቆመ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ የነጠላውን ጫፍ አፉ ላይ በእጁ ጫን አደረገ። መምሬም ግንባሩን በመስቀሉ ነክተው ሚኒባሱ ውስጥ ገቡ። ከዚያ ወዲህ አልተገናኙም።

ቤት ስንገባ አባቴ ተቀመጠና ነጠላውን ከአፉ ገለጠ።

«ምን ልትላቸው ነበር?» አልሁት።

«‹አይሂዱብኝ› ልላቸው» አለኝ። «ቢሰሙ ይቀሩልኝ ነበር። እንኳን አፌ ተሸፈነ።»